ባልዲው ውስጥ ምን አለ? መኪናን በቤት ሳሙና ስለማጠብ

ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ፀሐይዋ ግን ግድግዳ ማሞቅ ስትጀምር፣ በየበሩ ባልዲ ይወጣል። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የቆየች ነጭ ኮሮላ አለቻቸው፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋት። ባለፈው ቅዳሜ ባልዲውን ከባምባ ሞሉ። ከዱቄት ሳሙናው አንድ እፍኝ ጨመሩበት። በእጃቸው አማሰሉት። አረፋው ወዲያው ግንፍል አለ።

እኔ እጄን ከትቼ ከባልዲው ሥር የተቀመጠውን ዘገን አደረግኩ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል አሸሁት። እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል። ሳሙናው ገና አልሟሟም። ውኃው በረዶ ነዋ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ቀለሟን ትጭራታለች» አልኳቸው።

«ሸሚዝ የሚያነጣ ሳሙና መኪና ምን ያደርጋል ልጄ?»

ጥያቄያቸው ደህና ጥያቄ ነው። በሁለት ቃል የሚመለስ ግን አይደለም። እኔም መልሱን ያገኘሁት ዋጋ ከፍዬ ነው። የመጀመሪያ መኪናዬ ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዱቄት ሳሙናና በአሮጌ ፎጣ አጠብኳት። አንድ ማታ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ተራ ስጠብቅ የጣሪያው መብራት ኮፈኑ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ አየሁት። ኮፈኑ በሙሉ የሸረሪት ድር በሚመስል ክብ ክብ ጭረት ተሸፍኗል። ቀን ቀን አይታይም፤ መኪናዋ ደብዛዛ ብቻ ነበር የምትመስለው። እኔ ደግሞ ያረጀች መስሎኝ ነበር። አላረጀችም። በገዛ እጄ ፈግፍጌያት ነው።

ቀለም የምንለው ነገር

ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላሜራ ላይ ያለው ቀለም አንድ ሽፋን አይደለም። መጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ። ቀጥሎ ለቀለሙ መደላድል የሚሆን ፕራይመር ይመጣል። ከዚያ ቀለሙ ራሱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ሽፋን አለ፤ ክሊር ይሉታል። ሁሉም ሲደመር ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለ1,000 ሲካፈል ነው። አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ስለዚህ መኪናዎን የሚያስውባት፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቃት ነገር የወረቀት ግማሽ ቢያክል ነው።

ብዙ የቆዩ መኪኖችና ጋራዥ ውስጥ በድጋሚ የተቀቡ አንዳንድ መኪኖች ክሊር የላቸውም። ቀለሙ ራሱ ነው የመጨረሻው ሽፋን። የጋሼ ኮሮላ እንደዚያ ናት። ሲያጥቧት ጨርቁ ነጭ ይሆናል። እሳቸው እድፍ የለቀቀ ይመስላቸዋል። የለቀቀው ግን ፀሐይ ያደረቀው ቀለም ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀለም ከጨርቁ ጋር ይሄዳል ማለት ነው።

ፀሐይን ካነሳን፣ ይሄን የእኛ አካባቢ ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የዋህ ትመስላለች። አይደለችም። ደጋ ላይ ያለ መኪና ብርዱ ቢያቀዘቅዘውም ጨረሩ ቆላ ካለው የበለጠ ይመታዋል። ለዚህ ነው ክሊሩ ላይ የሚቀባው ሰም፣ ፖሊሽ የምንለው፣ እኛ ዘንድ ቅንጦት ያልሆነው።

ሳሙና ምን እንደሚሠራ

ሳሙና በጣም ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ጫፍ ውኃ ይወዳል፤ ሌላኛው ቅባት ይወዳል። ቅባት የሚወደው ጫፍ እድፉ ውስጥ ይሰካል። ውኃ የሚወደው ጫፍ ደግሞ ውጪ ይቀራል። ውኃ ሲፈስበት ተያይዘው ይሄዳሉ። የጥብስ ድስት በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ አልጸዳ ብሎ ጠብታ ሳሙና ሲያርፍበት ቅባቱ ሲበታተን ያየ ሰው ይሄን ነገር በዓይኑ አይቶታል።

ችግሩ ሰምም ከቅባት ወገን መሆኑ ነው። ሳሙናው የድስቱን ቅባት ከመኪናው ሰም አይለይም። ሁለቱንም ነቅሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ፒኤች የሚባለው መለኪያ ነው። ከ0 እስከ 14 ይቆጥራል። መሐሉ 7 ነው፤ ንጹህ ውኃ እዚያ ላይ ይገኛል። ከ7 በታች ያለው አሲድ ነው፣ ኮምጣጣው። ሎሚና ኮምጣጤ 2 እና 3 መካከል ናቸው። ከ7 በላይ ያለው አልካሊ ነው። አመድ ተዘፍዝፎበት የዋለ ውኃ እጅ ላይ እንዴት እንደሚያሟልጭ ያውቃሉ አይደል? እሱ ነው አልካሊ። እዚህ መለኪያ ላይ ቁጥሩ በ1 ሲጨምር ጥንካሬው የሚጨምረው በ10 እጥፍ ነው። የዱቄት ሳሙና የሟሟበት ውኃ 10 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከ7 እስከ 10 ሦስት ደረጃ አለ። ሦስት ደረጃ 1,000 እጥፍ ነው።

ለመኪና ተብሎ የሚሠራው ሻምፖ አብዛኛውን ጊዜ 7 አካባቢ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚቀመመው። ከሌላው የሚለየው በዚህና ጨርቁ ቀለሙ ላይ እንዲንሸራተት በሚያደርገው ልስላሴ ነው።

ኦሞ፣ ላርጎ፣ በረኪና

እኛ አገር የዱቄት ሳሙና ሁሉ ስሙ ኦሞ ነው፤ የማንም ፋብሪካ ይሁን። የዱቄት ሳሙና የተቀመመው ለጨርቅ ነው። ውስጡ ሶዲየም ካርቦኔት የሚባል አልካሊ አለ። ላብና ቅባት የጠጣ ኮሌታ ውስጥ ገብቶ እድፉን እንዲፈታ ነው። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ነጭ ልብስ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይጨመራል። ይሄ ሁሉ ለመኪና አንድም ጥቅም የለውም። አልካሊው የበርና የመስኮት ጎማዎችን ያደርቃል። ጥቁር የፕላስቲክ ክፍሎችን ያነጣቸዋል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ካለዎት ደግሞ ያደበዝዘዋል፤ አሉሚኒየም አሲድም አልካሊም አይስማማውም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ያ ባልዲ ሥር የዘገንኩት ነገር ነው። ዱቄት ሳሙና በሞቀ ውኃ ቶሎ ይሟሟል። በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በአንኮበር የጠዋት ውኃ ግን ጊዜ ይፈጅበታል። ያልሟሟው ቅንጣት ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ቀለሙን ይፈገፍጋል። ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ሰው ይሄ ችግር የለበትም። የእሱ ችግር ሌላ ነው። ቀትር ላይ ኮፈኑ እንደ ምጣድ ስለሚግል ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይደርቅና ነጭ ምልክት ጥሎ ይቀራል።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። የዛሬ ክሊር ጠንካራ ነው። አንድ ቀን በዱቄት ሳሙና ስለታጠበ ቀለም አይላጥም። ጉዳቱ የሚጠራቀም ነው። አንድ ጊዜ ሰሙ ይሄዳል፣ ሌላ ጊዜ ጭረት ይጨመራል፣ ጎማው ይደርቃል። በየሳምንቱ ሲደጋገም ከሁለት ዓመት በኋላ የእኔን ቪትዝ ይሆናል።

ድፍኑ የልብስ ሳሙናም ያው አልካሊ ነው፤ 9 እና 10 አካባቢ። በዚያ ላይ ውኃው የጉድጓድ ከሆነና ማዕድን ከበዛበት ከሳሙናው ጋር ተዋህዶ ግራጫ ዝቃጭ ይፈጥራል። የማጠቢያ ሳፋ ዳር ላይ ተጋግሮ የሚቀረው ማለት ነው። መስታወት ላይ ሲቀር ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ያስቸግራል።

ላርጎ እያልን የምንጠራው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ከሁሉም ይሻላል። ፈሳሽ ስለሆነ አይቆረቁርም። ብዙዎቹ ከ7 ብዙ አይርቁም፤ እጅ ስለሚነካቸው ለስላሳ እንዲሆኑ ተደርገዋል። ሰሙን ግን ያነሳሉ። ለዚያ ነው የተፈጠሩት። ብዙዎቹ እንዲወፍሩ ደግሞ ጨው ይጨመርባቸዋል። ላሜራው የተጫረ ቦታ ካለ ጨው ቀርቶበት ዝገት እንዳያፋጥን በደንብ መለቅለቅ ያስፈልጋል። የእኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ የመኪና ሻምፖ ካላገኙ ወይም ዋጋው ካልቻለዎት ፈሳሹን ይጠቀሙ። ለአንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አረፋው ትንሽ ነው ብለው አይጨምሩ። አረፋ የንጽሕና መለኪያ አይደለም። ከታጠበ በኋላ ደግሞ በየሦስት ወሩ ገደማ ሰም ይቀቡ።

የፀጉር ሻምፖም በጥቂቱ ቢጠቀሙበት ክፋት የለውም። ኮንዲሽነር የተቀላቀለበት አይሁን እንጂ፤ መስታወት ላይ ቅባት ይተዋል።

አሁን ወደ በረኪና እንምጣ። በረኪናን ከመኪና አርቁት። ይሄን የምለው በልመና ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ውህድ በውኃ ተበርዞ የሚሸጥ ነው። ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል፣ ብረት ይበላል። ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪ ሲያስመልስ ረዳቱ በረኪና ይዞ ሲሮጥ ስንቴ አይቻለሁ። ወንበሩ ላይ ሽታው ይጠፋል። ነገር ግን ቀበቶው ላይ ሲፈስ ማንም ልብ አይለውም። የመኪና ቀበቶ ከሰው ሠራሽ ክር የተጠለፈ ነው። በረኪና ክሩን ያደክመዋል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። የሚታወቀው በአደጋው ቀን ነው። ለዚህ ነው የመኪና መመሪያ መጽሐፎች ቀበቶን በረኪና አታስነኩ ብለው የሚያስጠነቅቁት። ቀበቶ የሚታጠበው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ነው። ከዚያ ጥላ ላይ ይደርቃል።

ሌላው ደግሞ ሕይወት የሚነካ ነው። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያስወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሜዳ ላይ እንኳ ያፍናል። በር የተዘጋ መኪና ውስጥ ጎንበስ ብሎ ምንጣፍ እየፈተገ ላለ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ሁለቱን ባንድ ላይ ባይቀላቅሉም ቀድሞ በረኪና የነካው ምንጣፍ ላይ ኮምጣጤ ማፍሰስ ያው መቀላቀል ነው። ሁለት ማጽጃ ከአንድ ይሻላል የሚባለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ኮምጣጤ በውኃ ተበርዞ መስታወት ላይ የቀረ የውኃ ነጠብጣብ ያነሳል፤ ቀለምና ቸርኬ ላይ ግን አይቆይ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ጥቁር ፊልም የተለጠፈበትን መስታወት ያበላሻል። የወፍ ኩስ አሲድነት ስላለው ክሊሩን ይበላል፤ በጥፍር ከመፋቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማንሳት ነው። አስፋልት ሲሠራ የተፈናጠቀ ሬንጅ ካለ የምግብ ዘይት ቀብተው ትንሽ ይቆዩ፤ ቅባት ለቅባት ይዋሐዳልና ይለቅልዎታል። ከዚያ ቦታውን በሳሙና ማጠብ ነው።

የጥርስ ሳሙና የፊት መብራት ያጠራል ይባላል። እውነት ነው፣ ያጠራል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ መፈግፈጊያ ስላለ ቢጫውን ያነሳል። ግን አብሮ የቀረውን የፀሐይ መከላከያ ሽፋንም ይወስዳል። በእኛ ከፍታ ደግሞ ቢጫው ተመልሶ ለመምጣት አይዘገይም።

ናፍጣና የጣርማ በር ቁልቁለት

ሳሙና ባይሆንም ሳላነሳው አላልፍም። ብዙ ሰው ቸርኬውን፣ ሻንሲውን፣ አንዳንዴም ሞተሩን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ያጥባል። መኪና ከታጠበ በኋላ ሥሩን ናፍጣ ማስረጨትም የተለመደ ነው። ግራሶ ቶሎ ይፈታል፣ ብረቱም ያብለጨልጫል። ጎማ ግን በናፍጣ ያብጣል፤ ይለሰልስና ይሰነጠቃል። ቤንዚን ደግሞ ሞተሩ ገና ትኩስ ከሆነ እሳት ማስነሳት ነው።

የእኔ ፍርሃት ከሁሉም በላይ ፍሬኑ ነው። ናፍጣም ሆነ ማብረቅረቂያ ቅባት ወደ ፍሬን ዲስክ ወይም ሸራ ከደረሰ ፍሬኑ መያዝ ትቶ ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ እንደምንም ያቆማል። ከደብረ ብርሃን ተነስተው ወደ ሰሜን ሲወርዱ ግን ጣርማ በር አለ። ዋሻው ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ከዚያ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ ተጠማዞ ተጠማዞ ነው የሚወርደው፣ ጉሙም አለ፣ የጫነ አይሱዙና ሲኖትራክ ከፊትም ከኋላም አለ። ጠዋት ሥሩን ናፍጣ የተረጨ መኪና በዚያ ቁልቁለት መውረድ የለበትም። በውኃ ብቻ የታጠበ ፍሬን እንኳ እርጥብ ሆኖ ለትንሽ ጊዜ ይሰንፋል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለው እየነዱ አራት አምስት ጊዜ ፍሬን ረገጥ ረገጥ ያድርጉ። ሙቀቱ ያደርቀዋል።

ወንዙና እንዶዱ

እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ጉዳይ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት የወንዝ ክፍል ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ተነስተው እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ አሳዩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል።

ይሄን ታሪክ በጣም የምወደው አንድ ነገር ስለሚያሳየን ነው። ልብስ የሚያጥበው ነገር ከታች በኩል ውኃ ውስጥ ያለውን ፍጡር ይነካል። እንዶድ ቀንድ አውጣውን መግደሉ ጥቅም ሆነ። የዛሬው ዱቄት ሳሙናና ፈሳሽ ግን ዓሣውን ነው የሚያገኘው። ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥቅ የሚጠብቅ ለስላሳ ሽፋን አለ፤ ሳሙና ያንን ያጥበዋል። ፎስፌት ያለበት ሳሙና ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ አልጌ ያራባል። ከመኪናው ሥር የሚወርደው ዘይትና ግራሶ ሲጨመርበት በሬሳ ወንዝ ዳር መኪና አቁሞ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። በሬሳ ከተማዋን አልፎ ወደ ጀማ ይሄዳል፣ ጀማ ወደ ዓባይ። ከታች ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይጠጣበታል።

መኪናን ሣር ወይም አፈር ላይ አቁሞ ማጠብ ይሻላል። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሳሙናውን ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል። ከጉድጓድ ውኃና ከጎመን መደብ ግን ራቅ ይበሉ።

ጋሼ ጋር እንዴት አጠብናት

በዚህ ቅዳሜ አብረን ነው ያጠብናት። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ግን አመዳዩ ከቀለጠ በኋላ፣ ጥላ ላይ አቆምናት።

አመዳይ ካልኩ አይቀር፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት የፊት መስታወቱ በረዶ ሲለብስ ፍል ውኃ የሚያፈስ ሰው አለ። አታድርጉት። መስታወቱ ቀዝቅዞ ሳለ አንዱ ቦታ ድንገት ሲሞቅና ሌላው ሳይሞቅ ሲቀር ይሰነጠቃል፤ ቀድሞ ጠጠር የነካው ከሆነማ አይቀርለትም። መኪናውን አስነስቶ የሞቀ አየር መልቀቅና መጠበቅ ነው። በሩ ከጎማው ጋር ተጣብቆ እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ማታ ማታ የበሩን ጎማ ፊታችን ላይ የምንቀባውን ግሊሰሪን ስስ አድርጎ መቀባት ይረዳል። ጎማውንም ያለሰልሰዋል።

መጀመሪያ አቧራውን በባዶ ውኃ ብቻ አወረድነው። ይሄ ነው ትልቁ ሥራ። ሰው ሁሉ ስለ ሳሙናው ይጠይቃል፤ ቀለሙን በብዛት የሚጭረው ግን አቧራው ነው። የእኛ ደጋ ድንጋይ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ባዛልት። የፒስታ መንገድ ጠጠሩም እሱ ነው። ጎማ ሲፈጨው የሚነሳው ብናኝ ውስጥ ጥንካሬያቸው ከመስታወት የማያንስ ማዕድናት አሉ። ክሊር ደግሞ ፕላስቲክ ነገር ነው። የደረቀ አቧራ ላይ ጨርቅ ማንሸራተት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ አቧራ የሚያራግፉ ሰዎች መኪናቸውን ስለሚወዱ ነው የሚያደርጉት፤ የሚጎዷት ግን እነሱ ናቸው። የክረምቱ ጭቃም እንዲሁ ነው። ዋልካው ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። በውኃ አርሶ አሥር ደቂቃ መተው ይሻላል እንጂ መፋቅ የለበትም።

የቱቦ ውኃ አልከፈትንም። ክፍት ቱቦ በደቂቃ 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊያፈስ ይችላል። እኛ ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን በቃን።

ሁለት ባልዲ አዘጋጀን። አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ባዶ ውኃ። ማጠቢያውን ሳሙናው ውስጥ ነክሮ አንድ ክፍል ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ከመመለስ በፊት ባዶው ውኃ ውስጥ ማራገፍ። ከላይ ወደ ታች። ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ በሮች፤ ፓራውልትና የበሮቹ ግርጌ መጨረሻ ላይ። ቸርኬው የራሱ ጨርቅ አለው፤ የፍሬን ብናኝ ያለበት ጨርቅ ኮፈን አይነካም።

ማጠቢያችን የጠቦት አጎዛ ቁራጭ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። ግን በሌላው ዓለምም መኪና በጥንቃቄ የሚያጥቡ ሰዎች የበግ ለምድ ጓንት ነው የሚጠቀሙት። ስፖንጅ አሸዋውን ፊቱ ላይ ይዞ ይፈገፍጋል። የበግ ፀጉር ረጅም ስለሆነ አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀለሙን የሚነካው ለስላሳው ጫፍ ብቻ ነው። መንዝ ጎረቤቱ ለሆነ ሰው የበግ ፀጉር ብርቅ አይደለም። በደንብ የታጠበ፣ አሜኬላም ሆነ ጭቃ ያልቀረበት መሆን ብቻ ነው ያለበት።

አንድ ክፍል እንደታጠበ ወዲያው ለቀለቅን። ሳሙና እንዲደርቅ አልጠበቅንም። መጨረሻ ላይ በንጹህ የጥጥ ጨርቅ፣ ሳንጫን፣ ውኃውን ጠጥ እያደረግን አደረቅናት። ጨርቁ በዚህ ጊዜም ትንሽ ነጣ አለ፤ ግን እንዳለፈው አይደለም። ሰሙን ከሰዓት በኋላ ቀባናት።

ከዚያ በፊት ግን ጋሼ የባዶውን ውኃ ባልዲ ሊደፉ ሲያነሱት «ቀስ ብለው ያፍሱት» አልኳቸው። ዘመም አድርገው አፈሰሱት። ውኃው አለቀ። ሥሩ ላይ ግማሽ እፍኝ የሚሞላ ጥቁር አሸዋ ተቀምጧል። ጎንበስ አሉና በጣታቸው ወሰድ አድርገው አሹት። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደ ኮፈኑ አዩ።

«ይሄ ሁሉ ዓመት ይሄን ነው ስፈትጋት የኖርኩት?» አሉ።